ሬዲዮው ጠየቀ፤ ማን መለሰ? ከሎሕ እስከ ቴሌግራም፦ የርቀት ትምህርት ታሪክ በጅግጅጋና በአካባቢዋ



ዛሬ ጅግጅጋ፣ ቀብሪበያህ፣ አውበሬ ወይም ቶጎ ውጫሌ ያለ ወጣት ስልኩን ቢከፍት ለመማር የሚያንሰው ነገር ያለ አይመስልም። የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ በዩቲዩብ አለ። እንግሊዝኛ በቴሌግራም አለ። ተጅዊድ፣ ፊቅህና ዐረብኛም በድምጽ ተቀርጾ ይላካል። ቻናሉ ውስጥ የተመዘገበው ሰው ብዙ ነው። መምህሩ ጥያቄ ሲጥል መልስ የሚሰጠው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ኮርሱን የሚጨርሰውማ ከዚያም ያነሰ ነው።

ብዙዎቻችን «ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ነው»፣ «ዳታ ስለሚወደድ ነው»፣ «የኛ ወጣት ሰነፍ ስለሆነ ነው» እንላለን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነትነት አላቸው። ሦስተኛው ግን በታሪክ ሲመዘን አይቆምም። ይህ አካባቢ ከሩቅ በሚመጣ ድምጽ መማር የጀመረው ኢንተርኔት ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። አንዱ መሣሪያ ሰርቷል፤ ሌላው አልሰራም። የሰራውና ያልሰራው የት ላይ እንደተለያዩ ካየን ዛሬ በስልካችን ምን ማድረግ እንዳለብን ይገባናል።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሳ።

1. ሎሕ፣ ዱግሲና ሱብዕ

በሶማሌ ምድር የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ዱግሲ ነው፤ የቁርኣን ትምህርት ቤት ማለት ነው። መሣሪያው ሎሕ ይባላል፤ ሌሎቻችን ለውሕ የምንለው የእንጨት ሰሌዳ ነው። ልጁ ከከሰል በተሰራ ቀለም የዕለቱን አንቀጽ ይጽፍበታል፣ ደጋግሞ ያነበዋል፣ ከዚያም መዓሊኑ ፊት ቁጭ ብሎ በቃሉ ያሰማል። መዓሊኑ ካልሰማውና «አልፏል» ካላለው ሎሑ አይታጠብም። ሎሑ ካልታጠበ ደግሞ ቀጣዩ ትምህርት አይጻፍም።

ይህን ሥርዓት ልብ እንበል። ትምህርቱ የሚቆጠረው መምህሩ ስለተናገረ አይደለም፤ ተማሪው መልሶ ስላሰማ ነው።

ዱግሲው ሌላም ዘዴ ነበረው። ሱብዕ የሚባለው የቂርኣት ክበብ ነው። ልጆች ክብ ሰርተው ይቀመጡና አንዱ ሲያቆም ቀጣዩ ካቆመበት ይቀጥላል። ተራው መቼ እንደሚደርሰው ስለሚያውቅ ማንም ሐሳቡን ወደ ሌላ ቦታ መላክ አይችልም። ዛሬ በእንግሊዝኛ ትልቅ ስም ተሰጥቶት «ተማሪን ማሳተፍ» የሚባለውን ነገር እነዚህ ልጆች ዛፍ ጥላ ስር ይኖሩበት ነበር።

ቋንቋውም ታስቦበታል። በሶማሌዎች ዘንድ አው በርኸድሌ በሚል ስም የሚታወቁት ሸይኽ ዩሱፍ አልከውነይን የዐረብኛን አናባቢዎች በሶማሊኛ የሚጠሩበትን ስልት እንደዘረጉ ይነገራል። መቃማቸው ሐርጌሳ አካባቢ ነው። ልጁ «ፈትሓ» እና «ከስራ» የሚሉትን ባዕድ ስሞች ከመሸምደድ ይልቅ «ኮር» (ላይ) እና «ሆስ» (ታች) እያለ ምልክቱ የተቀመጠበትን ቦታ በገዛ ቋንቋው ይጠራል። ዛሬም በዱግሲዎች ይሰማል። ከሩቅ የመጣን ትምህርት በልጁ አፍ ላይ ማስቀመጥ ማለት ይህ ነው።

ለኛ ለሙስሊሞች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጂብሪል (ዐለይሂ ሰላም) በየረመዷኑ ከነቢያችን (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ጋር ቁርኣንን ይከልስ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ሁለት ጊዜ ከልሰዋል። የቁርኣን የኢጃዛና የሰነድ ሥርዓታችንም የተገነባው በዚሁ ላይ ነው፤ ተማሪው ከሸይኹ ይሰማል፣ ሸይኹም ተማሪውን ይሰማል። መስማት ብቻውን ኢጃዛ አላሰጠም።

2. ሬዲዮ ድንበር አያውቅም

እ.ኤ.አ. በ1943 እንግሊዞች ሐርጌሳ ላይ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ከፈቱ። መጀመሪያ «ሬዲዮ ኩዱ» ይባል ነበር፤ በኋላ ሬዲዮ ሐርጌሳ ሆነ። በዚያ ጊዜ ጅግጅጋም በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበረች፤ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1957 ደግሞ የቢቢሲ ሶማሊኛ ስርጭት ከለንደን ጀመረ። ድንበር ከብቶችንና ነጋዴዎችን ያስቆም ይሆናል፤ ድምጽን ግን አላስቆመም። ሐርጌሳ የተነገረው ጅግጅጋ ሻይ ቤት ውስጥ ይሰማ ነበር።

ሬዲዮ በዚህ አካባቢ ለምን ያን ያህል ገነነ? አንዱ ምክንያት የፊደል ነገር ነው። ሶማሊኛ እስከ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1972 ድረስ ኦፊሴላዊ ፊደል አልነበረውም። በዚያ ወር የሶማሊያ መንግሥት የላቲን ፊደልን መረጠ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1974 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በብዛት ወደ ገጠር ልኮ አርብቶ አደሩን ማንበብና መጻፍ አስተማረ። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በሐምሌ 1971 የጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ሶማሊኛ አንዱ ነበር። የተጻፈው ግን በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1983 በኋላ ክልሉ ሲቋቋም ትምህርት ቤቱ የሶማሊኛውን የላቲን ፊደል ያዘ።

አስቡት! የአንድ ጅግጅጋ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሦስት ፊደል አለ፤ በልጅነት በሎሕ ላይ የዐረብኛው፣ በዘመቻው የግዕዙ፣ በኋላም የላቲኑ። ሬዲዮ ግን ፊደል አልጠየቀም፤ ጆሮ ብቻ ነው የጠየቀው።

ሰዉም ሬዲዮን ብቻውን አይሰማም ነበር። በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ብዙ ሰው ይቀመጣል። ዜናው ሲያልቅ ወሬው ይጀመራል፤ አንዱ ያልገባውን ይጠይቃል፣ ሌላው ያስረዳል፣ ሦስተኛው ይከራከራል። የሱብዑ ክበብ ሻይ ቤት ውስጥ በሌላ መልክ ቀጠለ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ካሴት መጣ። ሶማሊኛ ግጥም፣ ቀጥሎም የቁርኣን ተፍሲርና ደርስ በካሴት እየተቀዳ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የሐርቲሼክና የቶጎ ውጫሌ ገበያዎች ከባህር ማዶ የመጣ ሬዲዮ፣ ቴፕ ሪከርደርና ቴሌቪዥን ወደ መሐል አገር የሚገባባቸው በሮች ነበሩ። አዲስ አበባ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ቴፕ ምናልባት በእነዚህ ከተሞች አቧራ ውስጥ ያለፈ ነው። መሣሪያ ለዚህ አካባቢ ብርቅ ሆኖ አያውቅም።

3. «የሬዲዮው መምህር»

እ.ኤ.አ. በ1988 የሐርጌሳ ከተማ በቦምብ ስትደበደብ ብዙ ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። ሐርቲሼክ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ እስከ መባል ደረሰ። የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። የቀብሪበያህ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1991 ተከፈተ፤ በኋላም አውበሬና ሸደር ተጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ ትምህርት ቤቶቹም አብረው ፈረሱ። አንድ ሙሉ ትውልድ ክፍል ሳይገባ አደገ።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንድ ፕሮግራም ተጀመረ። ስሙ በሶማሊኛ «መዓሊንካ ረዲያሃ» ይባላል፤ «የሬዲዮው መምህር» ማለት ነው። አፍሪካ ኤጁኬሽናል ትረስት የተባለው ድርጅት ከቢቢሲ ወርልድ ሰርቪስ ትረስት ጋር ያዘጋጀው ሲሆን የሚተላለፈው በቢቢሲ ሶማሊኛ ነበር። ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ ከጤናና ከኑሮ ጉዳዮች ጋር ተቀላቅሎ ይቀርብበታል።

ፕሮግራሙ ለምን እንደሰራ ለማየት አሠራሩን እንመልከት። ሦስት እግር ነበረው፤ የሬዲዮ ስርጭት፣ የታተመ መጽሐፍና ሰው። ተማሪዎች በቡድን ተሰብስበው ስርጭቱን ይሰማሉ። ከዚያ በአካባቢው የሰለጠነ መምህር ያስጽፋቸዋል፣ ያስነብባቸዋል፣ ያርማቸዋል። ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ቀን ገበያና ቤት የሚይዛቸው፣ መደበኛ ትምህርት ቤት በር ያልከፈተላቸው እናቶችና እህቶች ነበሩ። ክፍሎቹ የተደራጁት በዋናነት ከድንበሩ ማዶ ነው። ድምጹ ግን ቢቢሲ ሶማሊኛ በሚሰማበት ሁሉ ደርሷል።

ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ ደግሞ በሶማሊያና በሶማሌላንድ ለልጆች ሌላ ዓይነት የሬዲዮ ትምህርት መጣ። ይህ ስልት መነሻው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኒካራጓ የተሞከረው የሬዲዮ ሒሳብ ነው። ዘዴው ቀላል ነው። ሬዲዮው ይጠይቃል፤ ከዚያ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ልጆቹ ጮክ ብለው ይመልሳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይዘምራሉ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር ያግዛቸዋል። ከዚያ ሬዲዮው ትክክለኛውን መልስ ይናገራል። ከሩቅ ያለ ድምጽ ልጁን የሚጠብቅበት ቦታ ተወለት ማለት ነው።

4. ፕላዝማ፦ የማይጠብቅ መምህር

አሁን ወደ ራሳችን አገር ትልቁ ሙከራ እንምጣ። በ1997 የትምህርት ዘመን ኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በሳተላይት ቴሌቪዥን ማስተላለፍ ጀመረች። «ፕላዝማ» ያልነው እሱ ነው። ትምህርቱ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ዓላማው መልካም ነበር፤ በጅግጅጋ ያለ ተማሪም ሆነ በአዲስ አበባ ያለ ተማሪ እኩል ጥራት ያለው ትምህርት እንዲያገኝ። የመምህር እጥረት ላለበት ክልል ደግሞ ተስፋው የበለጠ ነበር።

ክፍል ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉን የሚወስደው ስክሪኑ ነበር። የክፍሉ መምህር የቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች የመግቢያና የመዝጊያ ጠባቂ ሆነ። የፕላዝማው መምህር ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ይሄዳል። አንደኛ ደረጃን በሶማሊኛ የተማረው ልጅ ጥያቄውን በአእምሮው ተርጉሞ ሳይጨርስ ስክሪኑ ወደ ቀጣዩ ገጽ ያልፋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ጠፋ፤ ስርጭቱ ወደ ኋላ አይመለስምና።

ዕድሜያችሁ ከፍ ያለው ይህን ታስታውሳላችሁ። «ገባችሁ?» ሲባል ክፍሉ በሙሉ ዝም የሚልበት ጊዜ ነበር።

እስኪ እናነጻጽር። ፕላዝማው ከሬዲዮው በጣም ውድ ነበር፤ ምስል ነበረው፣ ሳተላይት ነበረው። «የሬዲዮው መምህር» ግን በአንዲት ርካሽ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ሆኖም ርካሹ ሬዲዮ ተማሪውን ጠበቀው፤ በቋንቋው አናገረው፤ በአጠገቡም የሚሰማው ሰው አስቀመጠለት። ውዱ ስክሪን ሦስቱንም አላደረገም።

5. 2012፦ ሁሉም በር የተዘጋበት ዓመት

መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮቪድ-19 ምክንያት የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በመላው አገሪቱ 26 ሚሊዮን ገደማ ተማሪ ቤቱ ቀረ። ብዙ መስጂዶችና መድረሳዎችም ተዘጉ፤ የዚያን ዓመት ረመዷን ተራዊሕን በየቤታችን ሰገድን። ትምህርት ሚኒስቴር ለአንደኛ ደረጃ በሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ በቴሌቪዥን ትምህርት እንደሚሰጥ አሳወቀ። በከተሞች ያሉ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የቤት ሥራ በቴሌግራም መላክ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ልጅ ተፈጠረ። አንደኛው ቤቱ ውስጥ ስማርት ስልክ፣ ዳታና የተማረ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ያለው ነው። ፒዲኤፉ ሲመጣለት የሚያስረዳው አገኘ። ሁለተኛው ስልኩ የአባቱ የሆነ፣ አባቱም ማለዳ ሥራ የሚሄድ ልጅ ነው። ለሴት ልጅ ደግሞ ተጨማሪ ነገር ነበረ፤ ቤት ውላለችና የቤቱ ሥራ ሁሉ ወደ እሷ ተገፋ። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው የአርብቶ አደር ልጅ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበር።

በዚያ ላይ ኢንተርኔቱ ራሱ ጠፋ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ድምጻዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ያህልም ቆየ። ከዚያ በፊትም በሰኔ 2011 በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ተቋርጦ ነበር። ትምህርቱን በሙሉ በቴሌግራም ላይ ያስቀመጠ ሰው በእነዚያ ቀናት እጁ ላይ ምንም አልቀረውም።

ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ተማሪዎች ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወሩ ተወሰነ። ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ተከፈቱ። ሎሑ ግን ሳይሰማ ታጠበ። በ2012 የ9ኛ ክፍል ተማሪ የነበረ ልጅ በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ተቀመጠ። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በአገር አቀፍ ደረጃ 3.2 በመቶ ብቻ ነው። በ2012 8ኛ ክፍል የነበረው በ2016 ተፈተነ፤ ያን ዓመት ያለፈው 5.4 በመቶ ነው። የዚህ ውጤት ምክንያቱ ኮቪድ ብቻ አይደለም፤ ጦርነት አለ፣ የቆየ የትምህርት ጥራት ችግር አለ፣ የፈተናው አሰጣጥ መጥበቅም አለ። ነገር ግን እነዚህ ልጆች ለወራት ማንም ሳያዳምጣቸው «ተምራችኋል» የተባሉ ልጆች መሆናቸውን መርሳት የለብንም።

በዚያው ዘመን ግን አንድ ነገር ሰርቷል። የቁርኣን መምህራን ስልካቸውን አነሱ። በኢሞና በዋትስአፕ እየደወሉ ተማሪዎቻቸውን አንድ በአንድ አደመጡ። ይህ ቀድሞም የተለመደ ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ሶማሌ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ከምስራቅ አፍሪካ ከተሞች በሚደወል ጥሪ ያስቀሩ ነበርና። ልጁ ያሰማል፣ መዓሊኑ ያርማል፣ «እዚህ ጋ ድገም» ይላል፣ ካላለፈ አያሳልፈውም። ስልኩ አዲስ ነው፤ ሥርዓቱ ግን የሎሑ ሥርዓት ነው። ሒፍዝ በስልክ ሊቀጥል የቻለው፣ የፒዲኤፍ ትምህርት ደግሞ ያልቀጠለው ለዚህ ይመስለናል።

6. ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

ዛሬ ጉዳዩ የበለጠ ቅርባችን መጥቷል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 በወረቀትም በኦንላይንም ተሰጥቷል። ዩኒቨርሲቲውም፣ ሥራውም፣ ደርሱም ወደ ስክሪን እየሄደ ነው። ስለዚህ «በኦንላይን እንማር ወይስ አንማር?» የሚለው ጥያቄ አልፎበታል። የቀረው «እንዴት?» የሚለው ነው። ከላይ ካየነው ታሪክ የሚከተሉትን እንውሰድ።

አንደኛ፦ ብቻችሁን አትመዝገቡ። አንድ ቻናል ስትገቡ አራት አምስት ጓደኛ ይዛችሁ ግቡ። በሳምንት ሁለት ቀን መስጂድ ግቢ፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም አንዱ ቤት ተቀመጡ። ቪዲዮውን አቁሙና ተራ በተራ አስረዱ። ይህ ሱብዕ ነው።

ሁለተኛ፦ የምታስተምሩ ኡስታዞችና መምህራን፣ የላካችሁትን ሳይሆን የሰማችሁትን ቁጠሩ። አንድ ሰዓት የሚረዝም ድምጽ ከመላክ 10 ደቂቃ ልኮ ከእያንዳንዱ ተማሪ የአንድ ደቂቃ የድምጽ መልስ መቀበል ይሻላል። መልሱ ሳይመጣ ቀጣዩን አትልቀቁ። የቴሌግራም የምርጫ ጥያቄ ማን እንደገባው በፍጥነት ያሳያል፤ ማን ማስረዳት እንደሚችል የሚያሳየው ግን የራሱ ድምጽ ነው።

ሦስተኛ፦ በሚገባው ቋንቋ አስረዱ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ማስረዳቱ ግን በሶማሊኛ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ መሆን ይችላል። አው በርኸድሌ የሰሩት ይህንኑ ነው።

አራተኛ፦ ኢንተርኔት እንደሚጠፋ አስባችሁ ተዘጋጁ። ትምህርቱን አውርዱ፣ በሜሞሪ ካርድ ተቀባበሉ፣ ዋናውን ነጥብ በደብተር ጻፉ። ካሴት በእጅ ዞሮ ነው ሐርቲሼክ የደረሰው።

አምስተኛ፦ እህቶቻችንን አንርሳ። «የሬዲዮው መምህር» ክፍሎችን የሞሉት ሴቶች ናቸው፤ ሰዓቱና ቦታው ስለተመቻቸላቸው። በቤታችሁ ያለችው እህት የቤት ሥራውን ለአንድ ሰዓት ብትረከቧትና ስልኩን ብትሰጧት ትማራለች። ይህ ከወንድም የሚጠበቅ ሐቅ እንጂ ውለታ አይደለም።

ሎሑ፣ ሬዲዮው፣ ካሴቱ፣ ፕላዝማውና ስልኩ በየተራ መጥተዋል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይመጣል። የሚመጣውን ሁሉ በአንድ ጥያቄ እንመዝነው፦ ተማሪው ሲመልስ የሚሰማው ሰው አለ ወይ? ካለ፣ ርካሽም ቢሆን ያስተምራል። ከሌለ፣ ውድም ቢሆን ጩኸት ነው።

እናንተስ? በምትማሩበት ቻናል መልሳችሁን የሚሰማ አለ? በከተማችሁ እንዲህ ያለ የጥናት ክበብ ካላችሁ እንዴት እንደምትሰሩ ከታች ጻፉልን፤ ሌላው ይማርበታል። ለ12ኛ ክፍል ለሚዘጋጅ ወንድምና እህታችሁም አድርሱላቸው።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይስጠን፤ ያወቅነውንም የምንሰራበት ያድርገን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።